ገበያው የጋራ፥ እንጀራው የየብቻ



ባለፈው ሰሞን በክርክር ክበባችን አንድ ወንድማችን ስለ ኤውሮፓ አንድነት ሲናገር አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የንግግሩ ፍሬ ነገር ይኽ ነበር፤ ሕዝቦች አንድ የሚሆኑት ገበያቸው አንድ ሲሆን ነው፤ ቀረጡ ይነሣ፥ ዕቃው ይዘዋወር፥ ገንዘቡም አንድ ይሁን፤ ልብ ከኪስ በኋላ ተከትሎ ይመጣል። ንግግሩ ያማረ ነበር፤ እኔም ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርኩ። ወደ መኝታ ክፍሌ ከተመለስኩ በኋላ ግን ያጨበጨብኩበት እጄ አሳፈረኝ፤ የኤውሮፓ ታሪክ በዚህ ሐሳብ ላይ የሚመሰክርበት እንጂ የሚመሰክርለት አይደለምና። ስለዚህ በዚያ ምሽት በአፌ ያልመለስኩትን ዛሬ በጽሑፍ ልመልስ ተነሥቻለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሩቅ ከመሄዳችን በፊት ሁላችን በምናውቀው ነገር እንጀምር። ሰው በገበያ ቀን ከማያውቀው ሰው ጋራ ተከራክሮ በግ ይገዛል፤ ሲመሽ ግን ሁሉም ወደየመንደሩ ይበተናል። የሻጩ እናት ብትሞት ገዢው አይሰማም፤ ቢሰማም አይሄድም። እድር ግን ሌላ ነው። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ፥ በቋንቋም በሃይማኖትም የማይገናኙ ሰዎች በየወሩ እያዋጡ ድንኳን ሲተክሉ፥ ሬሳ ሲያነሡ፥ ለቅሶ ሲቀመጡ «የኛ ሰው» የሚለው ቃል በመካከላቸው ይወለዳል። እድርተኛ የሆኑት ስለ ተዋደዱ አይደለም፤ የተዋደዱት እድርተኛ ስለ ሆኑ ነው። እንግዲህ ክርክሬ በአጭሩ ይኽ ነው፤ ኤውሮፓ ታላቅ ገበያ ሠራች፤ እድሩን ግን በየአገሩ ተወችው። ከዚያ በኋላ «ሕዝቡ ለምን የኤውሮፓዊነት ስሜት አላደረበትም?» እያለች ትጠይቃለች።

«ገበያ ሕዝብን ያዋሕዳል» ለሚለው ወንድማችን የመጀመሪያው መልስ የሚገኘው በጀርመን ነው። የጀርመን ትናንሽ መንግሥታት ከ1834 ጀምሮ የጉምሩክ ኅብረት ነበራቸው። ዕቃቸው ያለ ቀረጥ ከአንዱ ወደ አንዱ ይገባ ነበር። ሆኖም በ1866 ጦርነት ሲነሣ ባቫርያ፥ ሳክሶንያና ሐኖቨር ከኦስትርያ ጋራ ተሰልፈው የገበያ ጓደኛቸውን ፕሩሲያን ወጉ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሮ መገበያየት አንድ ጥይት አላስቀረም።

በ1871 የጀርመን መንግሥት አንድ ከሆነ በኋላ ቢስማርክ ሠራተኛው የመንግሥቱ ባዕድ ሆኖ መኖሩን አየ። መጀመሪያ በዱላ ሞከረ፤ በ1878 የሶሻሊስቶችን ማኅበርና ጋዜጣ በሕግ አገደ። ዱላ ብቻውን ሰውን እንደማያስተሳስር ግን አላጣውም፤ በ1883 የሕመም መድን፥ በ1884 የሥራ ላይ አደጋ መድን፥ በ1889 የእርጅናና የአካል ጉዳት ጡረታ አቆመ። ይኽን ያደረገው ለድኻ አዝኖ አይደለም፤ አስልቶ ነው። ሒሳቡ ግን ትክክል ነበር። የሳክሶንያው የፋብሪካ ሠራተኛ እጁ በመኪና ሲቆረጥ በጀርመን ሕግ የቆመ ሣጥን ሲያነሣው «ጀርመናዊ» የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ክብደት ያለው ነገር ሆነለት። በእንግሊዝም እንደዚሁ ነው። ከ1942ቱ የቤቨሪጅ ሪፖርት በኋላ ጁላይ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲከፈት የዌልሱ ከሰል ቈፋሪና የለንደኑ ጸሐፊ በአንድ ሐኪም ደጃፍ ተራ ያዙ። እንግዲህ የኤውሮፓ አገሮች ብሔራዊ ስሜት ከባንዲራና ከመዝሙር ብቻ አልመጣም፤ ከመዋጮ፥ ከጡረታ ደብተርና ከሐኪም ቤት ተራም መጥቷል።

አሁን ወደ ኤውሮፓ አንድነት እንለፍ። በ1946 ኢጣልያና ቤልጂክ ውል ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት ኢጣልያ ለቤልጂክ ጉድጓዶች ሠራተኞች ትልካለች፤ ቤልጂክም ለኢጣልያ ከሰል ትሸጣለች። በአንዱ ሚዛን ሰው፥ በሌላው ሚዛን ከሰል ተቀመጠ። ኦገስት 8 ቀን 1956 በማርሲኔል የከሰል ጉድጓድ ውስጥ እሳት ተነሥቶ 262 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም 136ቱ ኢጣልያኖች ነበሩ። በዚያን ጊዜ የስድስቱ አገሮች የከሰልና የብረት ማኅበር ሥራ ከጀመረ አራት ዓመቱ ነበር። ከሰሉ ድንበሩን ያለ ቀረጥ ይሻገር ነበር። ከሰሉን የሚያወጣው ሰው ግን በመሬት ውስጥ ባዕድ ሆኖ ገብቶ ባዕድ ሆኖ ሞተ።

ከዚህ አደጋ በኋላ ስምንት ወር ሳይሞላ፥ ማርች 25 ቀን 1957፥ እነዚያው ስድስት አገሮች በሮማ ተሰብስበው የጋራ ገበያውን ውል ፈረሙ። በድርድሩ ላይ ፈረንሳይ «የሠራተኛውን መብት አብረን እናስተካክል፤ እኔ ለሴት እንደ ወንድ ስከፍል ጎረቤቶቼ ካልከፈሉ ፋብሪካዎቼ ይጎዳሉ» ስትል ተከራከረች፤ ጀርመን ደግሞ ይኽን አልፈለገችም። መጨረሻው ምን ሆነ? በ119ኛው አንቀጽ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ የሚል ቃል ተጻፈ። ሌላው ማኅበራዊ ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በየአገሩ ፈቃድ ተተወ። 117ኛው አንቀጽ የኑሮ መሻሻል ከጋራ ገበያው አሠራርም ይመነጫል የሚል እምነት ይዟል። የወንድማችን ንግግር ምንጭ እዚህ ላይ ነው። በውል ላይ የሰፈረ እምነት ነው፤ እምነት ግን ጡረታ አይከፍልም።

የተጻፈችውም አንዲት መብት ቢሆን ዝም ብላ አልመጣችም። ገብርኤል ደፍሬን የምትባል የቤልጂክ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ከወንዶቹ ጋራ አንድ ሥራ እየሠራች ያነሰ ይከፈላት ነበር፤ ዕድሜዋም አርባ ሲሆን ከሥራ ተሰናበተች። የ119ኛው አንቀጽ ቃል በአገር ፍርድ ቤት በቀጥታ የሚሠራ መብት መሆኑ የተፈረደው በእርሷ ክስ በ1976 ነው። ከፊርማው እስከ ፍርዱ 19 ዓመት! የቀረጡን ማንሣት ግን ማንም ሴት ከስሳ እስክትረታ አልጠበቀም፤ በጊዜ ሰሌዳው መሠረት ተፈጸመ።

ለእውነት ስንል ተቃራኒውንም እንናገር። ከሮማ ውል በኋላ ከወጡት የመጀመሪያ ደንቦች አንዱ፥ በ1958 የወጣው ሦስተኛው ደንብ፥ አንድ ሠራተኛ በተለያዩ አገሮች ያዋጣው እንዲደመርለትና ጡረታውም ድንበር ተሻግሮ እንዲከተለው አደረገ። ይኽ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሽማግሌዎችን ከልመና አድኗል። ይሁን እንጂ ይኽ ደንብ የየአገሩን የእድር ደብተሮች እርስ በርስ አስተዋወቀ እንጂ አንድ እድር አላቆመም። ኤውሮፓ እንደ እድር የሠራችው ለገበሬዋ ነው። ለእርሻ የሚከፈለው ድጎማ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ከጋራው በጀት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይወስድ ነበር። በፋብሪካ ለሚሠራውና ሥራ ላጣው ግን እንዲህ ያለ ሣጥን አልተከፈተም። ዛሬም የኅብረቱ በጀት ከአባል አገሮች ጠቅላላ ገቢ ወደ አንድ በመቶ ብቻ ነው። የየአገሩ መንግሥታት ወጪ ግን በድምር ከምርታቸው ወደ ግማሽ ይጠጋል።

በ1992 በማስትሪኽት ውል ሁለት ታላላቅ ነገሮች ተሰጡ፤ አንዱ የኤውሮፓ ዜግነት፥ ሁለተኛው የጋራ ገንዘብ። ዜግነቱ የመዘዋወርና በኖሩበት ከተማ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ይዞ መጣ። ሥራ ቢያጡ ወይም ቢያረጁ ግን «ኤውሮፓ የሰጠችኝ ነው» የሚሉት ጡረታ አልነበረበትም። ገንዘቡ ደግሞ ትእዛዝ ይዞ መጣ፤ የበጀት ጉድለት ከ3 በመቶ፥ ዕዳ ከ60 በመቶ አይለፍ ተባለ። የሠራተኛ መብት የሚሻሻልበት ስምምነትም ቀርቦ ነበር፤ እንግሊዝ አልገባበትም ስላለች አሥራ አንዱ ብቻ ተዋዋሉበት። ልብ በሉ፤ ስለ ገንዘብ የወጣው በቁጥር የተቈረጠ ትእዛዝ ነው፤ ስለ ኑሮ የወጣው የፈለገ የሚገባበት ነው።

ውጤቱን ለማየት ብዙ አልቆየንም። ሜይ 29 ቀን 2005 የፈረንሳይ ሕዝብ ስለ ኤውሮፓ ሕገ መንግሥት ተጠይቆ 55 በመቶ ያህሉ «አንፈልግም» አለ። ከሦስት ቀን በኋላ የሆላንድ ሕዝብ ከ61 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ያንኑ ደገመው። በፈረንሳይ የዘመኑ ወሬ «የፖላንዱ ቧንቧ ሠራተኛ» ነበር። ፖላንዳዊው ምን በደለ? ፈረንሳዮቹ የፈሩት እሱን ሳይሆን በአገሩ ደመወዝና ሕግ በእነርሱ መንደር እንዲሠራ ያደርጋል የተባለውን ደንብ ነው። ይኽም ፍርሃት ባዶ አልነበረም። በስዊድን ቫክስሆልም በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ለመሥራት የገባ አንድ የላትቪያ ኩባንያ የስዊድንን የደመወዝ ስምምነት አልፈርምም ሲል የግንበኞች ማኅበር ሥራውን ዘጋበት፤ የኤውሮፓ ፍርድ ቤት ግን በዲሴምበር 2007 በማኅበሩ ላይ ፈረደ። እንግዲህ የላትቪያው ግንበኛና የስዊድኑ ግንበኛ የአንድ ኤውሮፓ ዜጎች ነበሩ። ገበያው አገናኝቶ ምን አደረጋቸው? ተፎካካሪዎች አደረጋቸው። በአንድ ቦታ ለሚሠራ አንድ ሥራ አንድ ደመወዝ ይገባል የሚለው የተሻሻለ ሕግ የወጣው በ2018 ነው፤ በዚህ መሀል ስንት ቂም ተቋጥሯል!

የግሪክ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። የግሪክ መንግሥታት ያለ ልክ ተበድረዋል፤ የበጀታቸውንም ጉድለት በትክክል አላስታወቁም፤ ይኽን አልክድም። በ2010 አበዳሪዎች 110 ቢሊዮን ዩሮ ለመስጠት ሲስማሙ የጠየቁት የደመወዝና የጡረታ ቅነሳ ነበር። በ2013 ከመቶው ሠራተኛ 27 ያህሉ ሥራ አጥ ሆነ። በጁላይ 2015 ሕዝቡ ተጠይቆ 61 በመቶው የአበዳሪዎቹን ሐሳብ እምቢ አለ፤ ዳሩ ግን በዚያው ወር መንግሥቱ ሌላ የቅነሳ ውል ተቀበለ። በአሜሪካ የአንድ ክፍለ አገር ሀብት ቢወድቅ ከ1935 ጀምሮ የቆመው የጡረታ አበል ከማዕከላዊ መንግሥት መምጣቱን አያቋርጥም። የአቴናዋ ሽማግሌ ግን ስለ ኤውሮፓ የምታውቀው ጡረታዋን የሚቈርጥ እጅ መሆኑን ነው። ይኽችን ሴት «ኤውሮፓዊነት ይሰማሽ» ብሎ መስበክ ጾሟን ያደረችን ሴት ስለ ግብዣ መልካምነት እንደ መስበክ ነው።

ከዚያም 2016 መጣ። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮን ከብራስልስ ይዘው የተመለሱት ትልቁ ነገር ከሌሎች የኤውሮፓ አገሮች አዲስ የሚገቡ ሠራተኞች የሚያገኙት ድጎማ ለጊዜው የሚገደብበት ስምምነት ነበር። እንውጣ ባዮቹ ደግሞ በቀይ አውቶቡስ ላይ በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለኤውሮፓ እንደሚላክ ጽፈው፥ ይልቁን ለጤና አገልግሎታችን እናውለው እያሉ አገሩን ዞሩ። ቁጥሩ ተመላሹን ገንዘብ ያልቀነሰ ስለ ነበር አሳሳች ነበር። ነገር ግን የአውቶቡሱ ጸሐፊዎች ከብዙ ሊቃውንት ይልቅ አንድ ነገር አውቀዋል፤ ሕዝቡ የኔ የሚለው ሐኪም ቤቱን መሆኑን ያውቃሉ። በጁን 23 ወደ 52 በመቶ የሚጠጋው እንውጣ አለ። አርባ ሦስት ዓመት በገበያው አብረው ከኖሩ በኋላ ማለት ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ድምፅ ተሰጥቶት እድር ስለ ተነፈገው ሕዝብ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። ጀርመን በ1955 ከኢጣልያ፥ በ1960 ከግሪክና ከእስፓኝ፥ በ1961 ከቱርክ ጋራ እየተዋዋለች ሠራተኛ አስመጣች፤ ስማቸውንም «እንግዳ ሠራተኞች» አለቻቸው። በ1973 ምልመላው ቆመ፤ ብዙዎቹ ግን ቤተሰባቸውን አምጥተው ቀሩ። ቱርካዊው ለጡረታና ለሕመም መድን እንደ ጀርመናዊው ከደመወዙ ይቈረጥበታል፤ እድርተኛ ነው ማለት ነው። በእድሩ ስብሰባ ላይ ግን ድምፅ የለውም። ሁለት የጀርመን ክፍለ አገሮች ለውጭ አገር ሰዎች የአካባቢ ምርጫ ድምፅ ቢፈቅዱ በ1990 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ሻረው። ከማስትሪኽት በኋላ ከጥቂት ወራት በፊት የመጣ ኢጣልያዊ የከተማውን ምክር ቤት ሲመርጥ፥ ሠላሳ ዓመት ያዋጣው ቱርክ ዜግነት ካልወሰደ ከውጭ ቆሞ ያያል። የ1913ቱ ሕግ ዜግነትን በደም የሚወረስ ስላደረገው በበርሊን የተወለደው ልጁም ቱርክ ተባለ፤ እዚያ መወለድ ለዜግነት መንገድ የሆነው በ2000 ነው፤ የቀድሞውን ዜግነት ሳይጥሉ ጀርመናዊ መሆን ለሁሉም የተፈቀደው ደግሞ በ2024 ነው። ከዚህ በኋላ «ስደተኛው አልተዋሐደም» ብሎ የሚፈርድ የየትኛውን ወገን ጥፋት እንደሚናገር ቆም ብሎ ያስብ።

ከሁለቱ ወገኖች ታሪክ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ማኅበር የሚጸናው ሦስት ነገሮች በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ነው፤ መዋጮ፥ ድርሻና ድምፅ። ድምፅ ያለ ድርሻ ከንቱ ሥነ ሥርዓት ነው፤ መዋጮ ያለ ድምፅ ግብር ገባርነት ነው።

ሁለት መቃወሚያዎች እንደሚነሡብኝ አውቃለሁ። አንደኛው «ጀርመንና ፈረንሳይ ከ1945 ወዲህ አለመዋጋታቸውን ረሳኸውን?» የሚል ነው። አልረሳሁም፤ ሰላሙን አከብረዋለሁ። ነገር ግን አለመዋጋትና አንድ መሆን ለየቅል ናቸው፤ ጎረቤትህን አለመደብደብህ ዘመዱ አያደርግህም። ሁለተኛው ከስዊድንና ከዴንማርክ ሠራተኞች የሚመጣ ስለሆነ የበለጠ አከብረዋለሁ፤ «የኛ እድር ጠንካራ ነው፤ ብራስልስ ቢገባበት ይቀጥንብናል» ይላሉ። ፍርሃታቸው እውነት ነው። የኔ መልስ የየአገሩ እድር ይፍረስ የሚል አይደለም፤ ከላዩ ላይ የክፉ ቀን የጋራ ሣጥን ይጨመርበት የሚል ነው። የሰፈር እድር ያለው ሰው የመሥሪያ ቤት እድር መግባት አይከለከልም።

ይኽም ሕልም አይደለም። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ኅብረቱ ሠራተኛው ከሥራው እንዳይባረር ለሚደጉሙ መንግሥታት እስከ 100 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ ብድር አዘጋጀ፤ በጁላይም 750 ቢሊዮን ዩሮ በጋራ ስም ተበድሮ ለመከፋፈል ተስማማ፤ ከዚህም 390ው ስጦታ ነበር። ትናንት «የሌላውን ዕዳ አንከፍልም» ይሉ የነበሩት ሞት በሁሉም ደጅ ሲቆም ድንኳኑን በጋራ ተከሉ። አዝናለሁ፤ ድንኳኑን የተከሉት ለአንድ ለቅሶ ብቻ ነው፤ ዕቅዱ ጊዜያዊ ተብሎ ነው የታወጀው። በ2017 በጎተንበርግ የታወጁት ሃያዎቹ የማኅበራዊ መብት መሠረቶችም መልካም ቃላት ናቸው። ከቃል አልፎ የሚታይ የሥራ አጥ መድን ሣጥን ግን አላቆሙም።

ይኽ ሁሉ የኤውሮፓ ጉዳይ ከሆነ እኛን ምን አገባን የሚል ቢኖር፥ የአፍሪካ ኅብረት ያለው በዚህችው በከተማችን መሆኑን ላስታውሰው። የአፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጠና ውል በ2018 በኪጋሊ ተፈርሞ በ2019 ሕግ ሆነ። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ነገ ደንቡን የሚያረቅቁ ይሆናሉ። ያን ጊዜ አንዱ ብድግ ብሎ «ገበያው ይቅደም፤ ሌላው ይከተላል» ሲል የማርሲኔልን ጉድጓድ፥ የቫክስሆልምን ትምህርት ቤትና የአቴናዋን ሽማግሌ እናስታውስ። ከሰሉ ከሚሻገርበት ቀን ጀምሮ ከሰሉን የሚያወጣው ሰው ቢታመም ማን ያሳክመዋል፥ ቢሞት ልጆቹን ማን ያነሣል ብለን እንጠይቅ። ይኽ ጥያቄ በኋላ የሚጨመር አባሪ አይደለም፤ በመጀመሪያው ገጽ የሚጻፍ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት በዚያ ምሽት ወንድማችን ጠቅሶ ነበር። እውነት ብሏል። ነገር ግን ድር የሚያብረው ሲፈተል ነው፤ በአንድ ገበያ ጎን ለጎን የተሰጣ ድር አይጥም አያስር። ወንድማችን መልስ ካለው ይጻፍ፤ እኔም በደስታ አነባለሁ፤ የሚያሳምነኝ ሆኖ ካገኘሁትም እንደ ገና አጨበጭብለታለሁ።